ሜዳ ሙሉ ለቀስተኛ ዲሬክተሩን «ጎ ሆም» ያለው በእኔ ምክንያት ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። እኔም ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝን ስነግራችሁ እዚሁ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ትስቃላችሁ።

ሳቁ! ፈቅጄላችኋለሁ።

ለእንግዶች ብቻ፦ ይህች ሰሌዳ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የተሰቀለች ናት። የፈለገ ወረቀት ይለጥፋል፤ የፈለገ ያነባል፤ የፈለገ ደግሞ ከታች በእርሳስ ይሳደባል። ዛሬ ለተሳዳቢዎች ሰፊ ቦታ ትቼአለሁ። ትፈልጉታላችሁ።

ከቅዳሜ ልጀምር። ከመሀል ከጀመርኩ አልጨርሰውም።

ወንድሜ አንጁሎ የሶዶ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነው።

ነበር።

(እጄ «ነው» እያለ ይጽፋል። ተዉት፣ ይለምዳል።)

እንግሊዝኛውን በልጅነቱ የለቀመው ከሚስዮኖች ግቢ ነው። ከዚያ ጣልያን መጣ፣ ሚስዮኖቹ ሄዱ። ጣልያንም በተራው ሄደ። እንግሊዝኛው ግን ወንድሜ አፍ ውስጥ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት «ማን ያውቃል?» ቢባል የተገኘው እሱ ነው።

እኔ ዳና ግን አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛ ደረጃ የገባሁ ሰው ነኝ! ግራመር አውቃለሁ። በወረቀት ከሰጣችሁኝ ሁሉንም እሠራዋለሁ። «እስቲ ተናገር» ካላችሁኝ ግን... ሌላ ጨዋታ እናምጣ።

አንጁሎ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጉድ ነበረው። ወላጆችን ክፍል ያስገባል።

አዎ፣ ወላጆችን! ገበሬውን፣ ሸማኔውን፣ ቅቤ ሻጯን። አብዛኞቹ አማርኛ እንኳ የሚያውቁት ገበያ ላይ ለመከራከር ያህል ነው። እሱ ግን ከልጆቻቸው ኋላ አግዳሚ ላይ ደርድሮ እንግሊዝኛ ያሰማቸዋል።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሊረዱህ ነው?» እለዋለሁ።

«ማታ ማታ ልጁ ቤት እኔ የለሁም። ያሉት እነሱ ናቸው» ይለኛል።

ውላቸው እንዲህ ነው። ማታ እናት ወይ አባት አንድ ዕቃ ያነሳሉ፤ ልጁ ስሙን በእንግሊዝኛ ይናገራል። «ልክ ይበል ስህተት በምን እናውቃለን?» ብለው ሲጠይቁት ምን አላቸው መሰላችሁ?

«ፊቱን እዩት። ቶሎ ከመለሰ አጥንቷል። ጣራ ጣራውን ካየ አላጠናም፤ ቅዳሜ መጥታችሁ ንገሩኝ።»

በቃ! ሜቶዱ ይኸው ነው! እኔ አዲስ አበባ ስማር እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረኝ የለም። ጣራ ጣራውን እያየሁ ነው ያለፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍሉ ገበያ መስሎ ነበር። ሸማኔው ጋሽ ኩካ «የዚህችስ ስም ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ዶሮ ከነነፍሷ ይዞ መጣ። ዶሮዋ አምልጣ ብላክቦርዱ ላይ ወጣች። የዋዳ እናት ደግሞ ከጋቢዋ ሥር አንድ ትልቅ ጎደሬ ከነአፈሩ አወጣች።

«ቲቸር፣ ይህስ?»

አንጁሎ ጎደሬውን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ምን አለ? «አላውቅም። ጠይቄ እነግራችኋለሁ።»

መምህር ሆኖ! በሰው ፊት!

እኔ ከኋላ ተቀምጬ አፈርኩለት። ወንድም ነኝና ክብሩን ላድን ተነሳሁ።

«ፖቴቶ» አልኩ።

አንጁሎ ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለና እጁን ወደ ላይ አነሳ። እሱ እጁን ካነሳ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ፣ ልጅም ወላጅም፣ የመጨረሻውን ቃል ሦስት ጊዜ ይደግማል። እንዲህ ነው ያስለመዳቸው።

«ፖቴቶ! ፖቴቶ! ፖቴቶ!»

ዶሮዋ በመስኮት ወጣች።

(ጎደሬ ፖቴቶ እንዳልሆነ የምታውቁ ከታች አትጻፉ። አሁን አውቄአለሁ።)

ስንወጣ ዲሬክተሩ በረንዳ ላይ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የተላከልን ሰው ነው። በዚህ ሙቀት ኮቱን የማያወልቀው፣ ሰላም ስትሉት ጫማችሁን የሚያየው። አወቃችሁት።

«መምህር አንጁሎ፣ ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የከብት ገበያ?»

«ወላጆች ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ወላጅ ወልዶ ይልካል። ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። የቀረው የእኛ ነው።»

እኔ በልቤ «እውነቱን ነው!» አልኩ። መንገድ ላይ ደግሞ ለአንጁሎ በአፌ አልኩት።

አንጁሎ ሳቀብኝ። «አንተ ራስህ ማን አስተማረህ?»

«መምህሮቼ ናቸዋ!»

«እናታችንስ?»

«እማማ እንግሊዝኛ አታውቅም!»

«አታውቅም። ሳታጠና እራት ሰጥታህ ታውቃለች?»

እሱስ... አታውቅም።

አኩርፌ ቤት ገባሁ። ቆጮ በጎመን በላን። «ነገ ወደ ተበላ መንደር እወርዳለሁ። ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ያስቀሩ አባቶች አሉ፣ ላናግራቸው» አለኝ።

«ጫማዬን አድርገህ እንዳትሄድ» አልኩት።

የመጨረሻ ንግግራችን ይህ ነው። ጫማ! ሌሎች ሰዎች ሲለያዩ ትልቅ ትልቅ ነገር ይባባላሉ ሲባል እሰማለሁ። እኛ ስለ ጫማ ተነጋግረን ተኛን።

እሁድ ወረደ፤ አባቶቹን አናገረ። ሲመለስ ከላይ ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። አብረውት የነበሩት «እዚሁ እንደር» አሉ። እሱ «ሰኞ ክፍል አለኝ» ብሎ ገባ።

ስለ ወንዙ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ ዲሬክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ። «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። ሐዘኑን በዚህ ጨረሰ። «ክፍሉ ባዶ መዋል የለበትም። አንተ የተማርክ ነህ፤ አንተ ትይዘዋለህ።»

ኩራት ተሰማኝ! ወንድሜን በቀበርኩበት ቀን ኩራት! ኑ፣ እርሳሳችሁን ያዙ፤ እዚህ ላይ መጀመር ትችላላችሁ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ያ የቅዳሜ ግርግር ይቅር። ለወላጆቹ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ። ካንተ ሲሰሙት ይሻላል።»

«የስ ሰር» አልኩ።

እንግሊዝኛ ሳልንተባተብ የተናገርኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ትልቁ ለቅሶ ሆነ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት በዱቡሻ፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ ይወጣለታል። ሟቹ በዕድሜው ያፈራው ለሕዝብ ይታያል። ፈረሰኛ ከሆነ ፈረሱን ያዞሩለታል። አዳኝ ከሆነ የገደለውን አውሬ ቆዳ ያወጡለታል። ገበሬም ከሆነ በሬው አለ። ዘመድ ወዳጁ በረድፍ እየገባ፣ ጦር እየሰበቀ፣ እየዘለለ ያወድሰዋል።

የአንጁሎስ ምን ይታይ? በሬ የለው፤ ፈረስ የለው። ያለው ጀርባው የሳሳ ኮትና ሽፋኑ የወለቀ ግራመር ነው። አጎታችን እንኳ ጠጋ ብሎ «ምን እናውጣለት?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩት።

ስፒች አዘጋጅቼ ነበራ! በእንግሊዝኛ! ለማን? ለዲሬክተሩና ከአውራጃ ለመጡት ሹማምንት፤ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ከሹማምንቱ እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድም የለም። እኔ ግን እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር።

መሀል ሜዳ ገባሁ። «ማይ ዲር ብራዘር» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«ማ... ማይ...»

ሕዝቡ ጠበቀኝ።

«ማይ...»

እዚያው ቀረሁ። ዲሬክተሩ ጫማዬን አየ።

በዚህ መሀል ከሜዳው ታች በኩል ጩኸት ተሰማ። ዞር ስል የቅዳሜዎቹ ወላጆች ናቸው! ልጆቻቸውን ከፊት አሰልፈው፣ እነሱ ከኋላ፣ ልክ እንደ ትልቅ ፈረሰኛ ወገን በረድፍ እየገቡ ነው። ጋሽ ኩካ ጦር ይዞ ይመራል። ዕድሜውን ሙሉ ከመወርወሪያ በቀር ሌላ ወርውሮ የማያውቅ ሸማኔ!

«አንጁሎ ምን አለው ትላላችሁ?» ብሎ በወላይትኛ ጮኸ። «በሬ የለው ትላላችሁ? ይኸውላችሁ ያለው!»

ጦሩን ወደ ልጆቹ ዘረጋ። ልጆቹ ድንጋይ አነሱና፦

«ዚስ ኢዝ ኤ ስቶን!»

ወላጆቹ መሬት እየረገጡ፦

«ስቶን! ስቶን! ስቶን!»

ምድር ተንቀጠቀጠች።

«ዚስ ኢዝ ኤ ስቲክ!» ዱላዎች ወደ ሰማይ ወጡ። «ስቲክ! ስቲክ! ስቲክ!»

«ዶር!» አለች አንዲት እናት ደረቷን እየመታች፣ በሙሾ ዜማ። «ዊንዶው!» አለች ሌላዋ፣ እንባዋ እየወረደ። በዚህ ሜዳ ላይ በር የለ፣ መስኮት የለ! እነሱ ግን ያለቅሳሉ።

ቀጥሎ የዋዳ እናት ከረድፉ ወጣች። እጇን ከጋቢዋ ሥር ስትከት ልቤ አወቀው።

«ፖቴቶ!»

ጎደሬው ከሁሉም ራስ በላይ ከፍ አለ። የእኔ ድርሻ! የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ ፍሬ! በወንድሜ ለቅሶ ላይ ለሕዝብ ታየ!

ዲሬክተሩ መሀረቡን አውጥቶ አፉ ላይ ያዘ። እያለቀሰ አልነበረም። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰው ሳቁን ሲያፍን እንደሚሆነው። አንዱ ሹም ወደ ጆሮው ዘንበል ብሎ «ለቅሶ ነው ቴያትር?» ሲለው ሰማሁ።

ፊቴ ተቃጠለ።

በዲሬክተሩ ሳይሆን በወላጆቹ ተናደድኩ! ሳቁን ያመጡብኝ እነሱ መሰሉኝ። ዝም እንዲሉ፣ ከሜዳው እንዲወጡልኝ ፈለግሁ። እጄን አነሳሁና ጮህኩባቸው። በምን ቋንቋ? ሹማምንት በተቀመጡበት የተማረ ሰው በወላይትኛ ይጮኻል እንዴ?

«ጎ ሆም!»

እጄ ወደ ላይ ነው። አስተውሉልኝ። እጄ ወደ ላይ ነው።

ከዚያ ልጁም ወላጁም በአንድነት፦

«ጎ ሆም! ጎ ሆም! ጎ ሆም!»

ምን ላድርግ? እጄን እያወዛወዝኩ «ኖ! ኖ!» አልኩ።

«ኖ! ኖ! ኖ!»

የቀረው ለቀስተኛ ደግሞ ዜማው ጣመው። ከአረካ የመጡ ዘመዶቻችን፣ ከቦምቤ የመጡ አማቾቻችን፣ ከ«ኤ» እና ከ«ቢ» ጋር ተያይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ገቡበት። ክብር ለእንግዳ ነውና፣ ሥርዓታችንም ነውና፣ ዞረው ወደ ወንበሮቹ እየዘለሉ፣ ጦር እየሰበቁ፦

«ጎ ሆም! ጎ ሆም! ጎ ሆም!»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የቃሉ ፍቺ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። ወደ መንገዱ ሄደ፤ ሄዶም አልዞረም።

አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ ምስኪን፣ በጣም ይወደው ነበር መሰለኝ። መቀመጥ አቃተው።»

እዚህ ላይ ሳቁ። እኔም ጊዜው ሲርቅ እስቃለሁ ብዬ አስባለሁ።

ጭፈራው ሲበርድ የዋዳ እናት ላቧን እየጠረገች ወደ እኔ መጣች።

«ዳናዬ፣ ያ የመጨረሻው አዲስ ነው። አንጁሎ አላስተማረንም። ደህና አድርገን አልነው?»

ውስጤ «ዋሽ» አለኝ። አፌ ግን ስፒች ሲሉት የሚዘጋ፣ ዝጋ ሲሉት የሚከፈት ነው።

«ወደ ቤታችሁ ሂዱ ማለት ነው» አልኳት።

«ማን?»

«እ... እናንተ።»

አየችኝ። አልተቆጣችም። የምሯን ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

«ታዲያ ለምን በወላይትኛ አላልከንም? እንሄድ ነበር እኮ።»

በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ኩካ ጦሩን ተደግፎ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል። «ቅዳሜስ?» አለኝ። «ቦታውን አንተ ትይዛለህ ሲሉ ሰማን። ቅዳሜም ሂዱ ነው?»

ዲሬክተሩ ያዘዘኝን የምነግርበት ሰዓት ደረሰ። «አዎ» ብል አለቀ። አንዲት ቃል ናት፤ በሦስቱም ቋንቋ አውቃታለሁ። አጠገባችን ልጆቹ ድንጋያቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ማን ጣሉት ይበላቸው?

«ነገ... ነገ ልንገራችሁ» አልኩ።

ፈሪ! ጻፉት፣ ጻፉት። ቦታ አለ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ጀግና ሆኜ አልሄድኩም።

«ሕዝብ አስተባብረህ አባረርከኝ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አይ... አይደለም ጌታዬ። እርስዎን አልነበረም። እነሱን ነበር የማባርረው።»

ቀና አለ። ፊቱ ፈታ አለ። ወንበር እንኳ አሳየኝ!

«እንዲያ በለኝ! እኔም እንዲህ ያለ የተማረ ልጅ አይሰድበኝም ብዬ ነበር። እንግዲህ ሁለታችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው ማለት ነዋ!»

ሁለታችንም።

እኔና ይህ ኮት! በወንድሜ ለቅሶ ላይ መሀረብ አፉ ውስጥ የወተፈው ሰውዬና እኔ አንድ ነን። የባሰው ደግሞ እውነቱን ነው! ልዩነታችን እሱ ሳቀ፣ እኔ ጮህኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ስንንቅ፣ ሜዳው ላይ አንጁሎ ምን እንደነበረው የሚያውቅ ከእነሱ ሌላ ማን መጣ? እኔ በስፒቼ «ማይ» ላይ ቀርቻለሁ።

«ወላጆቹ...» አልኩ። «ወላጆቹ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«ምን አልክ?»

«ይ... ይመጣሉ። እኔም ክፍል የምገባው እነሱ የሚገቡ ከሆነ ነው።»

«አንተ?» አለ። «አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተህ ሰው? አንተ እኔን በቅድመ ሁኔታ ታዝዘኛለህ?»

«አዎ ያቅተኛል፣ ጌታዬ። ለዚህ ነው ብቻዬን የማልችለው።»

ብልሃት አይደለም፤ እውነት ነው። ብቻዬን አልችልም። እነዚያን ልጆች ማታ ማታ «ፊትህን አሳየኝ» የሚላቸው ከሌለ እኔ በጠመኔ የትም አላደርሳቸውም።

ዲሬክተሩ በመስኮት ወደ ግቢው አየ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የሚያስገባቸው የለም። ከአዲስ አበባ ሌላ መምህር ይላክ ቢባል ሎሪው በጭቃው መሀል መቼ እንደሚደርስ ከእኔ በላይ ያውቃል።

«እስከ ክረምት» አለ። «ዶሮ ግን እንዳላይ።»

ለጋሽ ኩካ በር ላይ ነገርኩት። በወላይትኛ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሸማው ሄደ፤ አላመሰገነኝም። ለምን ያመስግነኝ?

ከዚያ ክፍል ገባሁ።

ልጆቹ ብድግ አሉ። እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ እንደተማሩት፣ በአንድ ድምፅ፦

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር አንጁሎ!»

ያዘዛቸው የለም። ሰላምታውን የተማሩት ከነስሙ ነው፤ ለእነሱ አንድ ነገር ነው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ጠበቁኝ።

«ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ። አልተንተባተብኩም። «ሲት ዳውን።»

ተቀመጡ።

እንግዲህ እናንት የሰሌዳው ሊቃውንት፣ እርሳሳችሁን ቀርጻችሁ ፍረዱ። የተማርኩ ነኝ እያለ ሲፎክርባችሁ የኖረ ሰው በሥራው የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያውን ስህተት በጆሮው ሰምቶ ሳያርም አለፈ። ነገ ጠዋትም ቢሉት የሚያርም አይመስለኝም።

ይህ አሁን አስተማሪ ይባላል?